ልብ ሻጭ ልብ ሲገዛ

ታኳሬምቦ መሃል፣ ሥጋ ቤቴ ውዬ፣
አርባ ዓመት ልብ ሸጥኩ፣ መንጠቆ ላይ ሰቅዬ።
የበሬ፣ የወይፈን፣ የላም፣ የጊደር ልብ፣
ለባለጠጋ ሰው፣ ለደሃ ቤተሰብ።
የራሴን ብቻ ነው ያላየሁት ገልጬ፣
የሌላውን ሁሉ ዋጋውን ቆርጬ።

ድካም ሲጫጫነኝ ደረጃ ስወጣ፣
"እርጅና ነው" አልኩኝ፣ "ምን አዲስ ነገር መጣ?"
ሱልማ ግን ሰማችው፣ ሌሊት በእንቅልፌ፣
ሲጢጥ የሚል ትንፋሽ ሲወጣ ከአፌ።
"አናክሌቶ" አለችኝ፣ "በርህ አልከፍት ብሏል"፤
የማቴ ዋንጫዋን አስቀምጣ፣ "ተነስ፣ አውቶቡሱ ይሄዳል።"

ሞንቴቪዴዮ ላይ ዶክተር ቤንታንኮር፣
ልጅ እግር፣ ቀጭን ሴት፣ የማትወድ ነገር፣
በስክሪን አሳየችኝ ሲርገበገብ ልቤን።
አቤት! ለካ ሕያው ነው!
ያን ሁሉ ዘመን የማውቀው
ሙት ሙቱን ነው።

"ይህ በር ይታይዎት፤ በኖራ ተለስኗል፤
ክንፎቹ ደርቀዋል፣ ደሙ ተጨናንቋል።
ደረትዎን አንከፍትም።" ይህን ስትል ሳቅሁባት፤
"ልጄ፣ ያለ መጋዝ ደረት የሚገባበት
መንገድ እኔ አላውቅም፣ አርባ ዓመት ቆርጬ።"
"በጭንዎ በኩል ነው።" ዝም አልኩ ተቀምጬ።

ነገረችኝ ደግሞ በሩ ከምን እንደተሠራ፦
ከስስ የብረት ወንፊት፣ እና
ከላም ልብ ሽፋን። ያን ስትጠራ
ከወንበሬ ተነሳሁ።
ያ ነጭ፣ ያ ስስ ልባስ፣
በአውራ ጣቴ ገፍፌ፣ ሳላይ የምጥለው፣
ሚዛን ላይ ወጥቶ የማያውቅ፣ የውሻ ድርሻ የሆነው፣
ታጥቦ፣ ተሰፍቶ፣ ተጣጥፎ፣ በቱቦ ገብቶ
የእኔን ደም ሊያሳልፍ?

ነቅቼ ነበርኩኝ። አንዲት ነርስ እጄን ይዛ
ስለ ዝናብ አወራችኝ፣ ስለ ልጇ ጥርስ።
ከዚያ እንደ ጃንጥላ
አንድ ነገር በውስጤ ተዘረጋ።
"ተከፈተ" አለች ዶክተሯ፤ ለማንም አይደለም፣ ለግድግዳው።
አንድ ሰዓት አልሞላም። አንዲት ላም ለመበለት
እኔ ከዚያ በላይ ነው የምፈጅበት።

በሩ ግን በር ነው፤ ቤቱን አይጠርግም።
ስኳሬም እዚያው አለ፣ ደም ግፊቴም አልሄደም።
ሰባት ክፍል ያላት የኪኒን ሳጥን አለች፤
ሱልማ እሁድ እሁድ ዘር እንደሚዘራ ሰው እየቆጠረች ትሞላታለች።
ጨው ከገበታችን ተሰዷል፤
እኔ! ጨው በእፍኝ የምነሰንስ!
ጠዋት ጠዋት ክንዴን አንቆ የሚለካኝ ማሽን
ቁጥሩን በስልክ ይልካል፣ የማላየው ሰው ያነበዋል።
አንድ ማክሰኞ ቁጥሩ ሰማይ ወጣ፤
ከምሳ በፊት ስልኬ ጠራ።
"ዶን አናክሌቶ፣ ትናንት ማታ ምን በሉ?"
"ምንም።"
"ዶን አናክሌቶ።"
"ቋሊማ።"
ዝም አለች።
"ሁለት።"

ያሳፍራል፤ ደስም ይላል።
ሰው ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር ማዶ
ለአንድ ሽማግሌ ቋሊማ ሲጨነቅለት።

ትናንት ወደ ሱቁ ጎራ አልኩ፤ አሁን የዊልማር ነው፣
አሠልጥኜ የሸጥኩለት።
ልብ እየገፈፈ ነበር። ሽፋኑን
ለውሻው ሊወረውር እጁን ሲዘረጋ
"ቆይ" አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላወቅሁም።
ተቀብዬው ወደ መስኮቱ ያዝኩት፤
ብርሃን ያሳልፋል፤ መንገዱ በውስጡ ይታያል፣
ብስክሌት የሚነዳ ልጅ አለፈ።
ዊልማር ቢላውን ይዞ ያየኛል።
ውሻውም።
ምን ይደረግ፣ ርቦታል፤ ሰጠሁት።

አርባ ዓመት ልብ የሸጠ፣
በሰባ አንድ ልብ ገዛ።
ርካሽ አይደለም። ብድሩም አላለቀም፦
በቀን አምስት ሺህ እርምጃ፣ እስከ ድልድዩ ደርሶ መልስ፣
ዶክተሯ ቆጥራ የሰጠችኝ፣ እኔም ቆጥሬ የምመልሰው።

ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ላይ፣ ከአጥሩ ማዶ፣
አንዲት ጥቁር ላም ሣሯን ትታ ቀና አለች።
ቆምኩ። ኮፍያዬን አነሳሁላት።
ቁጥሬ ጠፋብኝ።
ከአንድ ጀመርኩ።