ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት

ጅማ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦባት አደረ፤
አዌቱ ደፍርሶ ድልድዩን ነከረ።
እኔ ከአይጥ ቤት ነኝ፣ ሰጋቱራ ልቀይር፣ ውሃ ልሞላ፣
ማን እንዳደረ ላይ፣ ማን እንዳልበላ።

እህቴ ኩልሱም ሥራዬን ስትሰማ ሳቀች፦
«እኛ ከበቆሎው ጆንያ ሥር ወጥመድ እናጠምዳለን፣
አንቺ ደሞዝ ተቆርጦልሽ አልጋ ታነጥፊላቸዋለሽ!»
ሳቋ መሐል ላይ እጇ ወደ ብብቷ ሄደ፤
ያኔ አላስተዋልኩም።

አንቺ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣
ጆሮሽ ሁለቴ የተበሳ፣
ዶክተር ሂርጳ እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ ገና ሳትወለጂ
ከሰውነትሽ መጽሐፍ አንድ ቃል ተፍቋል።

አባቴ ልጆች ሉሃቸውን ይዘው ሲቀሩ
ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማ ነበር።
አንዲት ነጥብ ከወደቀች
ግንባሩ ይቋጠራል፤ «ተመለስ» ይላል፣ «እዚህ ጋ።»
እኛም እንዲሁ ነን፤
አንድ ቃል ፍቀን ጆሯችንን እንጥላለን፣
የትኛው ሲጎድል ነው ሥጋ ንባቡን የሚስተው፣
የትኛው ዝም ሲል ነው ጡት ውስጥ ጠጠር የሚያበቅለው?
የጎረቤትሽ ልጆች ደህና ናቸው፣ ከእነሱ የተፋቀው ሌላ ነው።
አንቺ ግን ማክሰኞ ዕለት
በቀኝ በኩል፣ ሦስተኛዋ ጡት ሥር፣
አተር።

መለኪያውን ከፍቼ «አምስት ሚሊ ሜትር» ብዬ ጻፍኩ።
በሳምንቱ ሰባት።
እርሳሱ ተሰበረብኝ።

ተረቱ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ነበር፤
እዚህ ቤት ተገልብጧል፣
ዳዋው በበላ አይጧ ናት የምትመታው።

ኩልሱም የነገረችኝ ዓመት አሳልፋ ነው።
«ብርድ መስሎኝ» አለች፤ «ወተት የቋጠረ መስሎኝ።»
ልጇ ጡት ከጣለ ስድስት ዓመቱ!
በእናታችን ወገን ሦስት ሴቶች በዚሁ ሄደዋል፤
አንዷን ምች ነው አሏት፣
አንዷን ዓይን፣
ሦስተኛዋን ምንም አላሏትም፣ በሩን ዘጉላት እንጂ።
ማንም አልቆጠረም። ማንም «እዚህ ጋ» አላለም።

ሆስፒታሉ ላይ ነው፣ አይጥ ቤቱ ታች፤
መሐላቸው ደረጃ አለ፣ ሲዘንብ የሚያዳልጥ።
ቀን እህቴን ደግፌ እወጣለሁ፣
ማታ ወደ አንቺ እወርዳለሁ፤
የትኛዋን የትኛዋ ጋ እንደተውኩ
አንዳንዴ ደረጃው ላይ ቆሜ አስባለሁ።

ትናንት ጠየቀችኝ፦ «ስም አላት ወይ?»
«ስም መስጠት ክልክል ነው።»
«ታዲያ በምን ትጠሪያታለሽ?»
«በቁጥር።»
ከትራሷ ሥር ካርዷን አወጣች፣
ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች፣
እና ሳቀች፣
ጸጉር የሌለው ራሷን ወደ ኋላ ጥላ።

ሐሙስ ነው ተራሽ።
እጄን ስለለመድሽ እኔው ነኝ የማወጣሽ።
የተፋቀውን ቃል ያነቡብሻል፤
ለኩልሱም ይደርስ እንደሆን አልዋሽሽም፣ አላውቅም፣
ለልጇ ይሆናል፣ ለልጇ ልጅ።
ከቦዬ በኩል እንቁራሪቱ ይጮኻል፣
ዝናቡም አላባራ።
ለሁለት ሌሊት ብዬ
ቀየርኩልሽ ዛሬም፣ ደረቅ ሰጋቱራ።