ለአንድ ተራራ

አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ኮረኮንች ሲጀምር፣
ከብሎክ አርባ ጀርባ፣ ከሽቦው ድንበር፣
ባለሦስት እግሩን ጭቃ ላይ ተክዬ
ቆሜያለሁ ዛሬም፣ ይነጋልኝ ብዬ።

ጉም ነበር መጀመሪያ፣ ጤፉን የሸፈነ፤
ድንገት ተቀደደ፤ የረር ገነነ።
ሰፊውን ሌንስ ነበር ከቤት የገጠምኩት፤
አቅራቢውን በካልሲ ጠቅልዬ ቦርሳ የከተትኩት።
ያንን ፈትቼ ይህን እስክገጥም፣
በደነዘዘ ጣት ክዳን ስለቃቅም፣
ብርሃኑ ሄደ።
አልጠበቀኝም።

የገባልኝ አቧራ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ
በማነሣው ሰማይ ሁሉ፣ በስተቀኝ ጥግ፣ አንዲት ወፍ አለች።
እልፍነሽ አይታ፣ "እንዴት ያለች ታማኝ ወፍ ናት!" አለች።
አቧራ መሆኗን አልነገርኳትም።

"ሁለተኛ ቦዲ ያስፈልገኛል" አልኳት አንድ ማታ፣
"አንዱ ላይ ሰፊው፣ አንዱ ላይ ረጅሙ፣ ሁሌ በየቦታቸው፤
መፍታት የለ፣ መግጠም የለ።"
"ለአንድ ተራራ ሁለት ዐይን? የት ይሄድብሃል?"
"ተራራው አይሄድም፣ ብርሃኑ ይሄዳል።"
"ውሃውም ይሄዳል።"

እውነቷን ነው። ሐሙስ ሌሊት መጥታ ዓርብ ሳይነጋ ለምትጠፋ ውሃ
ሮቶ ልንገዛ ነበር ብሩን ያጠራቀምነው፤
እሷ ከታክሲ፣ እኔ ከምሳ እየቀነስን።

አዲሱን ቦሌ ሄጄ አየሁት፣ መስታወት ውስጥ።
ቀላል ነው፣ ቀጭን ነው፣ ኮት ኪስ ይገባል።
ግን ዝናብ ይፈራል፤
ባትሪው ሌላ፣ የሌንሱ አፍ ሌላ፣
ቁልፎቹ ከኔው ጋር የተገላቢጦሽ፤
በጨለማ ጣቴ መንገድ ይስታል።
ዋጋውን ስሰማ ደግሞ ሳል ያዘኝ።

ዘርጋው አለ፣ የሠርጉ፣ አቃቂ ድልድዩ ማዶ ስቱዲዮ ያለው።
የሚሸጠው የኔኑ መንታ ነው፤ ባትሪ የሚዋዋስ፣
እጀታው ተልጦ በማስቲሽ የተለጠፈ፣
ሰማንያ ሺ ጊዜ ዐይኑን የጨፈነ።
"ሙሽራ ነው ሲያይ የኖረው" አለኝ፣ በእጅጌው እየወለወለ፤
"ክፉ ነገር አላየም።"

ስሞክረው፣ ሜሞሪው ላይ የተረሳች አንዲት ፎቶ አገኘሁ።
ሙሽሪት ቆማ ትስቃለች፤ ቬሏን ነፋስ ወስዶታል።
ከኋላዋ አንድ የደበዘዘ ቢጫ፣ ከቢጫው በላይ
አንድ የደበዘዘ ሰማያዊ።
አጎላሁት። ሙሽሪትን ይቅርታ ጠይቄ አልፌ
ዘርጋው ያደበዘዘውን አጎላሁት።
ቢጫው ጤፍ ነው።
ሰማያዊው የረር ነው፤ በትከሻው ዐወቅኩት።

"የት ነው ይሄ?"
"እዚያው ነዋ፣ እናንተ ጋ። ብሎኮቹ ሳይቆሙ።"

ሦስተኛ ፎቅ፣ አልጋዬ በተዘረጋበት አየር ላይ
የማላውቃት ሴት ቬል ሲውለበለብ አየሁ።
እኔ ለካ ስንት ዓመት ተራራውን ከጋረደው ቤት ወጥቼ
"ጋረዱብኝ" እያልኩ ነው የማማርረው።

የሮቶውን ብር ቆጥሬ ሰጠሁት።
ፎቶዋንም "አታጥፋት" ብዬ ለመንኩት፤
"ምን ታደርግልሃለች?" አለ። መልስ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ንጋት። ሁለት ማንገቻ አንገቴ ላይ ተጠላልፎ
እንደ ጭነት በቅሎ ግራና ቀኝ እየመታኝ ወጣሁ።
ጉሙ ሲቀደድ ረጅሙ ዝግጁ ነበር፤
የረር አላመለጠኝም።
ጥሩ ፎቶ ነው። ሰማዩ ንጹሕ፣
ወፍ የሌለበት።

ከዚያ አሮጌዋን ይዤ ዞርኩ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ቤት።
እልፍነሽ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ያላናገረችኝ፣
በረንዳው ላይ ጀሪካን ትደረድራለች፤
ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ፣ በኅዳር ፀሐይ።
ቀና ብላ አየችኝ። እጇን አላነሣችም፤ ፊቷንም አላዞረች።

ጠቅ።

በስተቀኝ ጥግ፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ ከፍ ብላ፣
ወፏ አለች።