የዶን ኤውሴቢዮ ጣቶች

ዋንካዮ ላይ የካቲት ነው፤ ዝናቡ አያባራም።
የኩምቢያው ምሽት ቅዳሜ ነው፤
ፖስተሩ ረቡዕ ግድግዳ ላይ ካልወጣ ሰው አይመጣም።

ማለዳ ያበራሁት ስክሪን ከውሃው ስር ሲገባ
አረንጓዴው ኢመልሽን እንደ ወተት ስልባቦት
ተንሸራቶ ወረደ፤ ፊደሉም አብሮት፣
የዘፋኙ ፂም አብሮት።
እጄ ላይ የቀረው ባዶ ወንፊት፣
በወንፊቱ ማዶ ጣራው ሲያንጠባጥብ የሚታይበት።

«ብርሃን አንሶት ነው» ብዬ ለሁለተኛው ጨመርኩ፣
ከአራት ደቂቃ ወደ ዘጠኝ ተሻገርኩ።
እሱ ደግሞ ድንጋይ ሆነ።
ውሃ ብረጭ፣ በስፖንጅ ባሸው፣ በጥፍሬ ብታገል
ቀጭኑ መስመር አልከፈት አለ፤
«ቅዳሜ» የሚለው ቃል ዓይኑን ጨፍኖ ዋለ።
ጠርዙ ላይ ግን፣ ወፍራም በተቀባበት፣
አሁንም ይላላጣል! ያናደደኝ ይሄ ነው፤
አንዱ ፍሬም በአንድ ጊዜ አሮም ጥሬም የሆነው።

ሦስተኛው አቧራ ነበረው። ስለ እሱ አላወራም።

ዶን ኤውሴቢዮ ከጥግ ሆኖ ስሳደብ ሰማኝ።
ሠላሳ ዓመት መብራቱን ያለ መነፅር አይቶ
ዓይኑ ጉም ለብሷል፤
ጥላና ፀሐይ ብቻ ነው የሚለየው።
«አምጪው» አለ።
ፊቱን አልነካም። ገልብጦ ጀርባውን ዳበሰ፣
አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ አሻሸ፣
አሸተተ።
«ዞይላ፣ ይሄ ብርሃን ያልጠገበ አይደለም፤ ያልደረቀ ነው።
እርጥብን ብርሃን አያጸናውም።
ማታ ስትቀቢው ዝናቡ የት ነበር?»
«ደጅ ነዋ!»
«ደጅ አልነበረም። እዚህ ከኛ ጋር ነው ያደረው።»

መስኮቱን በጨርቅ ወተፍን፣ ማሞቂያ ተዋስን፣
አዲስ የተቀቡትን ፍሬሞች በሆዳቸው አስተኛን።
ደንበኛው ሁለት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳሁም።

በማግስቱ ካርቶን ይዤ መስታወቱ አጠገብ ቆምኩ።
እሱ ጀርባውን ለመብራቱ ሰጥቶ በኬችዋ ይቆጥራል፤
ሁክ፣ ኢሽካይ፣ ኪምሳ...
ሠላሳ በሞላ ቁጥር ካርቶኑን አራት ጣት እገፋለሁ።

ታጥቦ ሲወጣ ስድስት እርከን፤
የመጀመሪያው ሟሟ፣ የመጨረሻው ደነዘዘ፣
አራተኛው ላይ የዘፋኙ ፂም ፀጉር በፀጉር ተከፈተ።
«የቱ ነው?» አለኝ።
ጣቱን ይዤ አራተኛው ላይ አኖርኩለት።
ቆየበት።
«እኔን ስድስተኛው ላይ ነው የረሱኝ» አለ።

ምን እንደምመልስለት ሳስብ፣
ሮዙ ቀለም እንዳይደርቅ ክዳኑን ግጠሚ አለኝ።