ቀፎው በነበረበት

በካራባኽ ካርታ መስመር በጓሯችን አልፎ
አሥር ቀን ተሰጠን። ስምባት፣ ባሌ፣ ቀፎ
ሲያሽግ አመሸ በጭቃ፣ በጨርቅ፤
እኔ ወለል ጠረግሁ ለማን እንደሁ ሳላውቅ።

ቫርሴኒክ ጎረቤት ቤቷን ለኮሰችው፤
«አንቺስ?» ብላ ክብሪቱን መዳፌ ውስጥ ወሸቀችው።

ግን መቃናችን ላይ፣ ከቀለሙ በታች፣
የአንድ ልጅ ቁመት አለ፣ የቢላ ጭረቶች፤
ሃያ ሰባት ዓመት ቀባሁት፣ አልጠፋም፤
‹ራሚዝ› ይላል።
                    እጄ ክብሪቱን አልጫረም።

ወደ ቫርዴኒስ ዳገት ጀመረ መኪናው፤
ስምባት የሚያየው ጭሱን አይደል፣ ጓሮውን ነው።
«መስክ ያደሩ አሉ። ነገ ሲሞቅ ሜዳው
ይዞሩታል አየሩን፣ ቀፎው በነበረበት፣
ቤት መስሏቸው፣
ቤት።»