ተገኘ ጠፋ

ካሜራው የሰርግ ነው፣ ለሦስት ቀን የተዋስነው፤
ማይኩን በካልሲ ሸፍነን፣ በመጥረጊያ እንጨት ያሰርነው።
ገንዘባችን አራት ሺ ብር፣ እሱም ግማሹ በዱቤ፤
ሐሳቡ የኑርዬ ነው፣ ውሸቱ ከገዛ ልቤ።

«እውነት የሚመስል ፊልም፣» አለ፣ «ዶክመንተሪ ነው ባዮች፤
ተዋናይ አንቀጥርም፣ ይበቁናል የሰፈር ሰዎች።
መብራት አንከራይም፤ ለጭጋግም ጢስ አንገዛ፤
ጦሳ ጉሙን የሚለቀው፣ በነፃ ነው እንደ ጤዛ።»

አንድ የሌለ ሰው ፈጠርን።
የከባድ መኪና ረዳት፣ ከአሰብ ጨው የሚያመላልስ፤
በሰማንያ ሁለት ሰኔ፣ ሌሊት፣ ሐረጎን ሊጨርስ
መኪናው ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ታኮ ሊያስገባ ወረደ፤
ድንጋዩ ጎማው ሥር ቀረ፤ ሰውዬው ጉም ገብቶ ሄደ።
ስሙን ተገኘ አልነው፤ ኑርዬ በሳቅ ሰከረ፣
«ተገኘ ጠፋ!» እያለ፣ ርዕሱን እየዘመረ።

ፎቶ ስላልነበረን፣ የእኔን ጉርድ ወሰድን፤
ሻይ ውስጥ ነክረን፣ ቆርቆሮ ላይ አድርቀን፣ በከሰል ጢም ሳልን።
ሠላሳ ዓመት በአንድ ከሰዓት፤
እንዲህ ርካሽ ነው ዘመን።

የመጀመሪያው ምስክር፣ አቶ አራጋው፣ ጎሚስታ፣
ሃምሳ ብር ተከፍሎት ነበር፣ የሚለውን አጥንቶ ማታ።
«አላውቀውም» ሊል ነበር። ካሜራው ቀይ ሲያበራ፣
«ተገኘን? ካላወቅኩት እኔ፣ ማን ሊያውቀው ነው በዚህ ተራ?
ግራ እጁን ትንሽ ያመዋል፤ ሲስቅ ጥርሱን ይሸፍናል።»
ኑርዬ በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ አይቆረጥ፣ ይቀጥል።

ከዚያማ ማን ይከልክለን!
ቧንቧ ውሃ ያለች ባለሱቅ፣ መዝገብ ገልጣ ቆጠረች፤
«የሁለት ፓኮ ኒያላ፣ ዕዳ አለበት» ብላ ማለች።
ሙጋድ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ኮምቦልቻ አይቶት ነበር፣
ቦርከና ድልድዩ ላይ፣ ከውሃው ጋር ሲነጋገር።
አንዱ ሞቷል አለ፤ አንዱ ጅዳ ነው፤ አንዱ ደግሞ አግብቷል፤
እኛ ያልጻፍነው ተገኘ፣ ከጻፍነው ይልቅ ኖሯል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጦይባ ይመር፣ ከሐርቡ ድረስ መጡ።
ማንም አልጠራቸው። ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።
ጥላቸው ውሃ ያንጠባጥባል።
«ወንድሜም ረዳት ነበር። ስሙ ግን ተገኘ አይደለም።
ስም መቼም ይሳሳታል፤ ሐረጎ ግን አይሳሳትም።
ታኮ ሊያስገባ ነው የወረደው።
በማግሥቱ ብንሄድ፣ ጨዉ በዝናብ ቀልጦ፣
መንገዱን ነጭ አድርጎት ነበር።»

ታኮውን ለማንም አልነገርንም።
ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ አራት ታጥፎ።

ፎቶውን አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩ።
አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው
ጢሙን ቀስ ብለው ጠረጉት።
«ውሸት መሆኑ ገብቶኛል፣ ልጄ፤
መጨረሻው ላይ ግን፣ እባካችሁ፣ ይገኝ።»

ባትሪው አንድ መስመር ቀርቶታል። ነገ ሰርግ አለ። ሐረጎ ወጣን።
ሲመሽ፣ ጉሙ ሲወርድ፣ የረዳት ካፖርት ለብሼ፣
ከመታጠፊያው ወዲያ ቆምኩ፣ ድንጋይ በእቅፌ ይዤ።
«ስጠራህ ብቅ በል» አለኝ፤ «ተገኘ ይገኝ ዛሬ።»
ጠበቅኩ። ጥሪው አልመጣም። በረዶ ሆነብኝ እግሬ።
ባትሪው አልቆ ኖሯል።

ሌሊቱን የተቀዳውን አየን።
ጉም ነው። ለዓይን የሚሆን ሌላ ነገር የለም።
ድምፅ ግን አለ፤ ኮቴ ነው፣ እርጥብ አስፋልት ላይ፣ ሳይቸኩል፣
እየቀረበ፣ እየቀረበ፣
ከዚያ ድንጋይ መሬት ሲነካ።
እኔ ቆሜ ነበር። ድንጋዩ እቅፌ ውስጥ ነበር።

ኑርዬ፣ የመጥረጊያው እንጨት ነው ይላል።

ጦይባ ይመር ድምፁን በስልካቸው ሁለቴ ሰሙት።
የእሱ ነው አላሉም። አይደለምም አላሉም።
ስልኩን መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው ሲነሱ፣
«የሲጋራውን ዕዳ ግን ክፈሉለት» አሉን።

ከአራቱ ሺ በተረፈው፣ ሰኞ ሄደን ከፈልን።