ድምልሽ ክፍል

ላይፕዚግ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፤
የዕድራችንን መዝገብ ላደርስ ለነገ ጧት፣
“ደመላሽ ከፈለ” ብዬ ብጽፈው፣
ሽቦ አልባው ኪቦርድ “ድምልሽ ክፍል” ብሎት አረፈው።
አናባቢው መንገድ ላይ እየተንጠባጠበ፣
ፊደሉ ሁሉ ሳድስ ሆኖ ተሰበሰበ።

ባትሪ ቀየርሁለት። አጠፋሁ። አበራሁ።
ማግሳት እንዳቃተው ሕፃን ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርጌ ተጣራሁ።
ትንሽ ነቃ ይላል፤ ሁለት መስመር ጽፎ
ጭልጥ ይላል እንደ ሊቀመንበራችን፣ አገጩን ደግፎ።

ከታች ፎቅ ኡቨ መጣ፣ ጡረታ የወጣ የትራም ሠራተኛ፣
በነጠላ ጫማ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ገና ሳይተኛ።
ጎንበስ ብሎ አያት፦ ጥፍር የምታህል መቀበያ፣
ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተወሽቃ፣ ሥር ከብረት ማሞቂያ።
“አትሰማህም” አለኝ፤ “ብረት ጆሮ ይደፍናል።”
ከኪሱ ገመድ መዘዘ፤ ቢበዛ ስንዝር ይሆናል።
ጫፉ ላይ ሰክቶ ከጨለማው አወጣት፤
ከጣቶቼ አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

“ደመላሽ ከፈለ።”
ግዕዙም ራብዑም ቦታው ላይ ሆነ፤
ሽቦ አልባው በሽቦ ዳነ።

“ስንት ልክፈል?” ስለው እጁን አወናጭፎ ሲሄድ፣
ከደመላሽ ሥር ጻፍሁ፦ “ኡቨ፤ በዓይነት፤ አንድ ገመድ።”