ሦስተኛ ማርሽ

አባቴ ዲኤክሷን ሲሰጠኝ እንዲህ አለ፦
«ቀለሟ ረግፏል፤ ልቧ ግን አለ።»
ሰማያዊው ከነጩ፣ ነጩ ከዝገቱ ተጋብቶ፣
ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ከቆመ ሰነባብቶ፣
ከደብረ ብርሃን ጫጫ፣ ከጫጫ ሸኖ ስትል
ሃያ ዓመት ሰው ጭና፣ አንድም ቀን ሳትቸኩል።

እኔ ግን ቸኮልኩ።

ኮፈኗን አነሳሁ፤ ቴስታታዋን ፈታሁ፤
ፒስተኗን አጥቤ በጨርቅ አስተኛሁ።
ፋሻዋ ተበልቷል፣ ብሮንዚናው ሳስቷል፣
ካንዴላው እንደ አጫሽ ጥርስ ጥቀርሻ ለብሷል።
«ችግሩ» አለ ሸዋንግዛው፣ እጁን በናፍጣ እየታጠበ፣
«ሞተሩ ነዳጅ አይደለም፣ አየር ነው የተራበ።»
እዚህ ከፍታ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ጫፍ፣
ብርድ ነው የሚተርፈን፣ አየሩማ አይተርፍ።
ሰውም ዳገት ሲወጣ ደረቱን ይይዛል፤
ካርቡራተርስ ቢያስል ምኑ ይገርማል?

ሶማሌ ተራ ወረድን። ከተገለበጠ አይሱዙ
የተነቀለች ተርቦ፣ ከነጥቀርሻዋ፣ ከነመዘዙ።
ስንት ተባለች? አልናገርም፤ ባለቤቴ ትሰማለች፤
ብቻ የሰርጋችንን ቬሎ ኪራይ ሁለት እጥፍ ትሆናለች።
ገጠምናት፤ በብየዳ፣ በቱቦ፣ በፋሼታ፤
ፉጨቷ እስከ ብርድ ልብሱ ፋብሪካ ተሰማ በዚያ ማታ።

እሑድ ጠዋት፣ ተሠርቶ ባልተመረቀው አስፋልት፣
አራት መቶ ሜትር ለካን፤ በገመድ፣ በእርምጃ፣ በግምት።
በኖራ መነሻ፣ በኖራ መድረሻ አሰመርን፤
ጋሪ እንዳይገባ ብለን ሁለት ልጆች አቆምን።
ጎኔ ጥላዬ ቆመ፣ የዳቦ ቤቱ ልጅ፣ በቪትዝ፣
መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሲያላግጥ፣ ሲያፌዝ።

መሐረቡ ወደቀ።
አንደኛ፤ ጎማው ጮኸ። ሁለተኛ፤ ወንበሩ ጀርባዬን ዋጠ።
ሦስተኛ ስል
ከሥሬ አንዳች ነገር እንደ ቆሎ ተንጣጣ፣ ተፈለጠ።

ጥላዬ አለፈ፤ እጁን አውለበለበ፤
ዘይቱ እስከ ኖራው መስመር ተንጠበጠበ።
የካምቢዮው ሆድ ተተርትሮ፣ ጥርሶቹ ተዘርተው አስፋልቱ ላይ፣
አንዱ ሕፃን ለቅሞ ጠየቀኝ፤ «ይኼ የማነው? መንጋጋ ነው ወይ?»

ጥሩአየር ትባላለች ቶርኖ የምታዞረው፤
በዚህ በሳሳ ሰማይ ስሟን ያወጣ ማን ነው?
ስብርባሪውን አየች፤ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች፤
«ሞተሩን አሳበዳችሁት፤ ካምቢዮውን ማን ጠየቀው?» አለች።
«ጉልበት መጨመር ማን ያቅተዋል፤ የሚሸከመው ነው እንጂ ጣጣው፤
የበቅሎ ጭነት ውርንጭላ ላይ ብትጭን፣ ወገቡ ነው የሚቀጣው።»

ከአሮጌ ሃይሉክስ ካምቢዮ፣ ባለ አምስት፣ አገኘን፤
ከሞተሯ ጋር አይተዋወቁም፤ ሽማግሌ ሆነን ገባን።
ጥሩአየር መብራት በመጣ ቁጥር፣ ሌሊት ሌሊት እየሠራች፣
ፍላንጅ ከወፍራም ብረት ቆርጣ ሁለቱን አጋባች።
ፍሪሲዮኑን አወፈርን፤ ቮላኖውን አስላጨን፤
ሻፍቱን አሳጥረን በየድን፤ ፈታን፤ ረገምን፤ በየድን።

በሁለተኛው እሑድ አባቴ መጣ፣ ከነታክሲ ኮፍያው፤
የካምቢዮውን ዘንግ እንደ በሽተኛ ግንባር ዳበሰው።
«የድሮዋ» አለ፣ «ሦስተኛዋ ላይ ሕመም ነበረባት፤
ለሰው አልነገርኩም። ዝም ብዬ፣ አንድ ትንፋሽ ታገሥኳት።»

ሃያ ዓመት።

መሐረቡ ወደቀ።
አንደኛ፤ ሁለተኛ፤ ተርቦዋ አፏጨች፤ ጥላዬ ወደ ኋላ ቀረ፤
ካምቢዮው ጤነኛ ነበር፤ አንድም ጥርስ አልተሰበረ፤
ግን እጄ፣
ከልጅነቴ ከጎኑ ተቀምጬ ሳየው ያደግሁት እጁ፣
ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ አንድ ትንፋሽ፤ ለጥንት ወዳጁ።

በአንድ ክንድ ቀደመኝ ጥላዬ። ጮኸ። ዳቦ አመጣ፤ በላን።
ጥሩአየር ከሥር ገብታ ወጣች፤ «ካምቢዮውስ ደህና ነው» አለችን።
«እጅህን ግን» አለች ቆይታ፣ «ቶርኖ ላይ አላስረው።»
አባቴ ምንም አላለ፤ ኮፍያውን አስተካከለው።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ የፈረስ ጋሪ መንገዱን ያዘ።
በሁለተኛ ተከተልነው።